ያልወረደው ጉልቻ

የቤቴ ቧንቧ ውኃ ከመስጠቱ በፊት ይቅርታ ይጠይቃል። የሚጠይቀው በኩይሌኛ ነው። «መሬታችሁንና ውኃችሁን ስለወሰድን ይቅር በሉን» ይላል፤ ከዚያ ውኃው ይወርዳል። አውቶቡሱም ከመነሣቱ በፊት እንዲሁ ይላል። የጤና ጣቢያው በር፣ የእህል መደብሩ ሚዛን፣ የመንገዱ መብራት ይላሉ። የኦይሳ ኮሌጅ ከእኛ ከኩይሌዎች ጋር የዕርቅ ቃል ኪዳን ከገባ ወዲህ፣ በሐይቁ ዙሪያ ያለ የኮሌጁ ንብረት ሁሉ የእኛ ሰው ሲጠጋው ይቅርታ ይጠይቃል። ሌላ ሰው ሲጠጋው ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል።

ድምፁ የባለቤቴ የባርዛ ነው።

ባርዛ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ኮሌጁ የቋንቋ ክፍል ሲከፍት ንግግሩ ጥርት ያለ ሰው ተፈለገና እሱ ተመረጠ። አንድ ክረምት ሙሉ ድምፅ መቅጃ ፊት ተቀምጦ የዓሣ ስም፣ የነፋስ ስም፣ የዘመድ መጠሪያ ሲናገር ከረመ። ማታ ማታ ሲመጣ «ዛሬ ደግሞ አክስቴን ሰባት ጊዜ አስጠሩኝ» ይል ነበር። ከሞተ በኋላ ዕርቁ መጣ። ይቅርታውን የሚናገር ድምፅ አስፈለገ፤ በእጃቸው ካለው ሁሉ ያማረው የእሱ ሆነ። ቃላቱን ቀጣጥለው ያላለውን አስባሉት። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቅጂው የኮሌጁ ነው።

ጎረቤቶቼ ቧንቧውን አስነቅዪው ይሉኛል። አላስነቀልኩትም። አንዳንድ ቀን ከሚያስፈልገኝ በላይ ውኃ እቀዳለሁ።

አሁን በአገራችን በተነቀለ ሕዝብ መሬት ላይ የተሠራ ኮሌጅ ሁሉ ዓመቱን የሚጀምረው ታርቆ ነው። በትምህርት መክፈቻው ዕለት ፕሬዚዳንቱ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይቆማል። ተበዳይ «ይውረድ» ይላል። አዳራሹ ቃሉን ይሰማና የመማሪያ ክፍሎቹን በሮች ይከፍታል። ቃሉ ካልተሰማ አይከፍትም። ቃሉን የሚናገረው ሰው «ተቀባይ» ይባላል፤ ቋሚ የሥራ መደብ ነው፤ ሕክምናና የዓመት ፈቃድ አለው።

የእኛ ተቀባይ የባርዛ ታላቅ ወንድም አያ ቦሻ ነበሩ። ዘንድሮ ወገባቸው አልነሣ ሲላቸው አስጠሩኝ። ኮረብታው ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ሲያስነሡን በሰጡን ቤት ውስጥ፣ በጎናቸው ተኝተው አገኘኋቸው።

«ይኸው ነው እንግዲህ» አሉኝ። «ድንጋዩን የሚሸከሙት እነሱ፣ ወገቤ የተቆረጠው እኔ።»

«ጤና ጣቢያ ሄደው አልነበር እንዴ?»

«ሄጄ ነበር። በሩ ይቅርታ ጠየቀኝ። ወንበሩ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሚዛኑ ላይ ስወጣ ሚዛኑ ይቅርታ ጠየቀኝ። መድኃኒቱን ስጠይቅ አልቋል አሉኝ።»

ሳቅን። እሳቸው ሳቃቸውን ቶሎ አቋረጡት።

«ቦታዬን ላንቺ አሲዤልሻለሁ» አሉ። «ኮሌጅ የበጠስሽ ነሽ፣ አማርኛሽ ያምራል፣ አያፍሩብሽም። አንድ ቃል ናት። ብለሻት፣ ምሳ በልተሽ ትመጫለሽ። ዓሣው ደግሞ ጥሩ ነው፤ የእኛው ዓሣ ነው።»

«ዘንድሮ የሚሸከመው ማነው?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «አዳፍሬ» አሉ። «በሰኔ ሾሙት።»

ይህን ስም ለብዙ ዓመት በቤታችን የጠራ ሰው አልነበረም።

«አያ፣ በድሮው ጊዜ ቃሉ አንድ ብቻ ነበር እንዴ?»

«ሁለት ነበር እንጂ። ድንጋዩ ከተበዳይ ምድጃ ይነቀላል፤ ጉልቻ ነው። በዳይ እሱን ተሸክሞ፣ በገዛ አፉ፣ ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ ይናገራል። ተበዳይ መጀመሪያ ‹ሰማሁ› ይላል። ሰማሁ ማለት ይቅር አልኩ ማለት አይደለም። ቤቱ ይገባል፤ ያስብበታል። እስኪያስብ ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ከበዳይ ጫንቃ እየተቀባበሉ ይይዙለታል፤ ሰው ነዋ። ሲበርድለት ይመጣና ‹ይውረድ› ይላል። አባቴ የአጎቴን ገዳይ ‹ሰማሁ› ብሎት፣ ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ከቤቱ አልወጣም።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«እየተፈራረቁ ያዙ። ምን ያድርጉ? ሽምግልና ማለት ያ ነበር።» ዞር ብለው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምን አሰብሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያላሰበ ሰው ዓይን እንዲህ አይሆንም። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም፣ ሰምተሻል? ወንድሜን አይመልሰውም።»

«አውቃለሁ፣ አያ» አልኳቸው። «ወጥ አልፈለግኩም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባርዛ በሞተበት ጊዜ እኔ የኮሌጁ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚያው ተምሬ፣ እዚያው የውኃ ምርመራ ክፍል ተቀጥሬ ነበር። ኮሌጁ ለምርምር ብሎ የሐይቁን ሰሜን በኤሌክትሪክ በሚያነዝር አጥር ከለለው። ባርዛ መረቡን ከከለላው በፊት እዚያ ጥሎ ስለነበር ሊያነሣው ማለዳ ገባ። አጥሩ ታንኳውን ገለበጠው። እግሩ በራሱ መረብ ተያዘ። አጥሩን ከያዙት ተንሳፋፊዎች አንዱን አቅፎ ቀረ።

ከጀልባ ማቆሚያው ቆመን እናየው ነበር። ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ርቀት ላይ ነበር። ያለ ነጂ የሚሄደው የነፍስ አድን ጀልባ እግራችን ሥር ታስሮ ነበር። የምርምር ጣቢያው ኃላፊ ፕሮፌሰር አዳፍሬ ነበሩ። ከላይ ከመስኮታቸው ሆነው በድምፅ ማጉያው ተናገሩ። «ማንነቱ ሳይረጋገጥ ጀልባ አይውጣ» አሉ።

«ባለቤቴ ነው» ብዬ ወደ ላይ ጮኽኩ።

«ጥቂት ይታገሡ፣ ወይዘሮ። እስኪረጋገጥ ነው።»

ጀልባው ያለ ትእዛዝ በራሱ ከውኃ የሚያወጣው የኮሌጁን መታወቂያ የያዘ ሰውን ብቻ ነበር። ባርዛ መታወቂያ የለውም። እኔ ግን አንገቴ ላይ ነበረኝ። ዘልዬ ገባሁ። ጀልባው ወዲያው ተፈታ፤ መጣ፤ አነሣኝ። ባርዛን በጎን በኩል አለፈው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ፤ አንድ እጁን ከተንሳፋፊው አንሥቶ ነበር። ጀልባው እኔን ይዞ ዞረና ማቆሚያው ላይ አራገፈኝ። ሁለተኛ ልዘል ስል ጥበቃዎቹ ያዙኝ። ባርዛ ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ እዚያው ነበር። ከዚያ አልነበረም።

በኋላ «አሳዛኝ አጋጣሚ» ተባለ። ማንም ትእዛዝ ሰጠሁ አላለም። እኔ ሥራዬን ለቀቅሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሰው በገዛ አፉ «እኔ ነኝ» ይበል። ያን ሲጠብቁ መኖር ይቻላል።

ከዕርቁ በፊት ልምምድ አለ። የዕርቅ ክፍሉ ኃላፊ ሶልያና የምትባል ወጣት ናት። ደግ ልጅ ናት፤ ሰው ስታናግር እጁን ትይዛለች። አዳራሹ ውስጥ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

«እትዬ ኬላሼ፣ እርስዎ እዚህ ጋ ይቆማሉ። ፕሬዚዳንታችን ከዚያ በኩል ይመጣሉ። ይቅርታውን አዳራሹ በኩይሌኛ ይናገርላቸዋል፤ እሳቸው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ከዚያ እርስዎ አንዷን ቃል። የአያ ቦሻን ድምፅ አጥፍተን የእርስዎን አስገብተናል፤ አዳራሹ ከእርስዎ በቀር የማንንም አይቀበልም።»

ድንጋዩን አሳየችኝ። ጥቁርና ሸካራ ነው፤ እሳት የላሰው እንዲመስል ጥላሸት ተቀብቷል። አነሣሁት። ከእሱ ዳቦ እንኳ ይከብዳል።

«ለጤንነት ተብሎ ነው» አለች ፈገግ ብላ።

«ሽማግሌዎቹ የት ነው የሚቀመጡት?»

«እሱ በማሻሻያው ቀርቷል። ንግግራቸው ይረዝም ነበር፤ እንግዶቹን አውሮፕላን ያመልጣቸው ነበር።»

«እንዲያው ለማወቅ ነው። ተቀባይ ዝም ቢልስ?»

ሳቀች። «ዝም ያለ ተቀባይ ኖሮ አያውቅም እኮ።»

«ፕሬዚዳንቱ ደክሟቸው ቢያወርዱትስ?»

«ወለሉ ያውቃል። ቃሉ ሳይባል ድንጋይ ወለል ከነካ ኮሌጁ ለዓመቱ ይዘጋል፤ የተሸከመውም ሰው ከሹመቱ ይነሣል። ሌላ ሰው ቢቀበላቸውም ያው ነው። ‹ከሽማግሌ በቀር ማንም አይንካው› ይላል ቃል ኪዳኑ።» ቆም አለች። «ሽማግሌ ደግሞ የለንም። ግን እትዬ፣ ይሄ እኮ ወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው፤ አያስቡ።»

«ቃል ኪዳኑ ድንጋዩ ከተበዳይ ምድጃ ይምጣ አይልም?»

«ይላል። ያመጣ ሰው ግን የለም።»

«እኔ ባመጣስ?»

ዓይኗ በራ። እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ከራስዎ ቤት? የእውነት ጉልቻ? እትዬ ኬላሼ፣ እንዴት ያምራል። ፕሬዚዳንታችን ደስ ይላቸዋል፤ እነግራቸዋለሁ።»

ደግ ልጅ እንደሆነች ተናግሬአለሁ።

የመክፈቻው ዕለት ጠዋት ከሦስቱ ጉልቻዎች ትልቁን ነቀልኩ። ባርዛ ስንጋባ ከሐይቁ ዳር ተሸክሞ ያመጣው ነው፤ ከዳር ሲያስነሡንም እሱው ራሱ ኮረብታውን ተሸክሞት ወጣ። ከሥሩ አመዱ ቀርቶ ነበር። በተረፉት ሁለቱ ላይ ድስት እንደማይቆም አውቃለሁ። ድንጋዩን በነጠላ ጠቅልዬ በጋሪ ጎተትኩት። አውቶቡሱ በሩ ላይ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሾፌር የለውምና ጋሪውን ያነሣልኝ አልነበረም፤ ራሴ አነሣሁት።

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት የሌሎች ኮሌጆች እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ከኋላ መምህራኑ። ተማሪዎቹ ውጭ፣ በተዘጉት የክፍል በሮች ፊት ተሰልፈዋል፤ በመስታወቱ ይታያሉ። አያ ቦሻን በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተው ዳር ላይ አስቀምጠዋቸዋል።

ፕሮፌሰር አዳፍሬ አርጅተዋል። ሸምገል ያለ ፊት፣ ጥሩ ሱፍ። ድንጋዩን ሁለት የጥበቃ ሰዎች አንሥተው ጫንቃቸው ላይ ሲያደርጉላቸው ጉልበታቸው ትንሽ ታጠፈ፤ ግን ለካሜራው ፈገግ አሉ። ጥላሸቱ የሸሚዛቸውን አንገትጌ አጠቆረው። አምስት እርምጃ ያህል ተራምደው ፊቴ ቆሙ። ያወቁኝ አይመስለኝም። ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ አዳራሹም በባርዛ ድምፅ «ይቅር በሉን» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ዝም አልኩ።

ሶልያና ከመጋረጃው ጎን ሆና ቃሉን በከንፈሯ አሳየችኝ። ዝም አልኩ። ከእንግዶቹ አንዱ ሳል ጀመረው።

«ወይዘሮ ኬላሼ» አሉ ፕሮፌሰሩ በቀስታ። «ቃሏ ጠፋችብዎ እንዴ?»

«አልጠፋችብኝም።»

«እንግዲያውስ ይበሏት። ይሄ የእርስዎ ድንጋይ ቀላል አይደለም።» አዳራሹ ሳቀ።

«ይቅርታ የጠየቀኝ የለም» አልኩ።

«አሁን አዳራሹ ተናገረ እኮ።»

«የተናገረው ባለቤቴ ነው። እኔ የምጠብቀው የእርስዎን አፍ ነው።»

ያን ጊዜ አዩኝ። ፈገግታቸው አልጠፋም፤ ግን ከፈገግታው ኋላ ሰው የቀረ አይመስልም። ጆሮአቸው ውስጥ በማዳመጫ የሚናገር የሕግ አማካሪ ነበረ፤ ለጥቂት ጊዜ እሱን አዳመጡ።

«ኮሌጁ በአጠቃላይ በኩይሌ ሕዝብ ላይ ስለደረሰው ጉዳት ሁሉ ከልብ…»

«በአጠቃላይ የሞተብኝ ሰው የለም» አልኩ።

ሶልያና መጥታ እጄን ያዘች፤ እጇ ቀዝቅዟል። «እትዬ፣ እባክዎ። ልጆቹ ውጭ ቆመዋል።»

«ይቁሙ። ወጣት ናቸው።»

«ፕሮፌሰር» አሉ አያ ቦሻ ከወንበራቸው። «ትከሻ ይቀይሩ። ከግራው የቀኙ ይሻላል። እኔ ያለ ድንጋይ የጎበጥኩ ሰው ነኝ፤ አውቀዋለሁ።»

የሳቀ የለም። ፕሮፌሰሩ ግን ትከሻ ቀየሩ።

ጊዜው ሄደ። የመስኮቱ ብርሃን ከእግሬ ተነሥቶ ወደ እሳቸው ጫማ ተጠጋ። እንግዶቹ መጀመሪያ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር፤ በኋላ እሳቸውን ማየት ጀመሩ። አንድ መምህር ተነሥቶ ድንጋዩን ሊደግፍ እጁን ሲዘረጋ ሶልያና «አይንኩት፣ አይንኩት» ብላ መለሰችው። የፕሮፌሰሩ ላብ ከአገጫቸው ወለሉ ላይ ጠብ ይላል። ወለሉ ላብ አይቆጥርም።

«እንዲህ ያለ ነገር መናገር አልችልም» አሉ፣ አሁን ለእኔ ብቻ። «ተጠያቂነት ያመጣል።»

«ስለሚያመጣ ነው የምጠይቅዎ።»

«ሴትዮ፣ ልቤ ደህና አይደለም።»

«ማስቀመጥ ይችላሉ እኮ። ያሰረዎ የለም። ያው ከሹመትዎ ይወርዳሉ።»

ድንጋዩን አላስቀመጡም። ይህን አስቀድሜ አውቄ ነበር። ሹመት ያላቸውን ሰዎች በዚሁ ግቢ ለብዙ ዓመት አይቻለሁ።

«ለጥቂት ደቂቃ ልረፍ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ጥቂት ይታገሡ» አልኳቸው። «እስኪረጋገጥ ነው።»

ይህን የተናገርኩት ድምፄን ሳላነሣ ነው። እሳቸው ግን ቃሉ ከየት እንደመጣ ገባቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጆሮአቸው ያን የሚናገረውን ማዳመጫ በነፃው እጃቸው አውጥተው ጣሉት፤ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ድንጋዩ ሊንሸራተት ሲል በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙት፤ አንድ ነገር እንደሚያቅፍ ሰው።

«ባርዛ ይባላል» አሉ። «ስሙን አውቀው ነበር። ቋንቋ ክፍል ሲመጣ አይቼዋለሁ፤ ሰላም እንባባል ነበር። ጀልባ አይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። የሚረጋገጥ ነገር አልነበረም። ከመስኮቴ አይቼ ያወቅሁት እኔ ነኝ። አጥሩ ሰው ገለበጠ ከሚባል ብዬ ነው… እኔ ነኝ።»

እኔ ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፤ አሁን ምን እንደነበር አላስታውስም። በአፌ የመጣው የድሮው ቃል ነው።

«ሰማሁ» አልኩ።

ሶልያና ትንፋሿን ለቀቀች። ዓይኗ ወደ መስታወቱ ሄደ፤ የክፍሎቹ በሮች እንደተዘጉ ናቸው። ተማሪዎቹ እንደቆሙ ናቸው።

«እትዬ» አለችኝ፣ እንደ ሕፃን እያባበለች። «ቃሉ ‹ይውረድ› ነው እኮ።»

«እሱ ሁለተኛው ነው» አልኳት። «ቤቴ ገብቼ አስብበታለሁ። ወጉ እንደዚያ ነው።»

«እስከዚያ ማን ይይዝላቸዋል?»

«ሽማግሌዎች ነበሩ የሚይዙት።»

ዞራ አያ ቦሻን አየች። አያ ቦሻ ሁለት እጃቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው መልሰው አስቀመጡ። «እኔ ሽማግሌ ነበርኩ» አሏት። «ተቀባይ አደረጋችሁኝ።» ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ኬላሼ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሲቆጡም ሲያዝኑም እንዲያው ነው የሚጠሩኝ፤ የትኛው እንደነበር አልጠየቅኳቸውም።

ነጠላዬን ከጋሪው ላይ አንሥቼ አጣጠፍኩት። አመድ ነበረበት፤ አላራገፍኩትም።

«መቼ ነው የሚመለሱት?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ሲበርድልኝ» አልኳቸው።

በመቀመጫዎቹ መካከል አልፌ ወደ መውጫው ሄድኩ። መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዳንዶቹ ተነሡ። ከኋላዬ ድንጋይ ሲወድቅ ልሰማ እጠብቅ ነበር። የሰማሁት አንድ ሰው በከባዱ ሲተነፍስ ብቻ ነው።

በሩ ስጠጋው አወቀኝ። «መሬታችሁንና ውኃችሁን ስለወሰድን ይቅር በሉን» አለ በባርዛ ድምፅ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለበርም ለቧንቧም መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

«አንተ አይደለህም» አልኩት በቋንቋችን። «ሰውየው ተገኝቷል።»

በሩ ተከፈተ።